ላልቆመ ማሽን የተደረገ ምርቃት

ጋሽ ሙሄ መሞታቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሰዓዳ ናት። ከደሴ ደውላ «አባዬ ወደ አኼራ ሄደ» አለችኝ። እኔ ኮምቦልቻ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን የጥገና ዕቅድ እያየሁ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው አላለቀስኩም፤ ይልቁንም ተናደድኩ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠሩ ዘግይተው አያውቁም፤ ለዚህኛው ጥሪ እንኳ ትንሽ ቢዘገዩ ምን ነበረበት ብዬ ነው።

ለቅሶ ቤቱ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል የሚወራው ሁሉ ስለ ማሽን ነበር። እንዲህ ያለ ለቅሶ የትም አላየሁም። አንዷ «ያን ጊዜ ኮምፕረሰሩ ሲፈነዳ ባይመጡልን ኖሮ» ትላለች፤ ሌላዋ «ሞተሩ ተቃጥሏል ተብሎ ሁላችን ወደ ቤት ልንሸኝ ስንል እኮ ነው የደረሱልን» ትላለች። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም የድርሻዬን አወራሁ። ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ግን ልቤ አልረጋም። ጋሽ ሙሄ ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠውን ነገር አንድም ሰው አላነሣውም። ባለማንሣታቸው አልፈርድባቸውም፤ ያ ነገር በጊዜው ብዙዎቻችንን ከሳቸው ጋር አቀያይሞን ነበር።

ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካችን ፕላስቲክ አቅልጦ፣ ክር አውጥቶ፣ የማዳበሪያና የእህል ከረጢት ይሸምናል። ጋሽ ሙሄ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ እኔ በሳቸው ሥር የጥገና ዕቅድ አውጪ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። ዕቅድ አውጪ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ሥራዬ የትኛው ማሽን መቼ ግራሶ እንደሚቀባ፣ የትኛው ቺንጊያ ሳይበጠስ በፊት እንደሚቀየር መወሰን ነው። በዚያን ዘመን ግን የወሰንኩትን የሚሰማ አልነበረም። ዕቅዴን ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ በማግስቱ ስገባ አንዱ እላዩ ላይ ምስማር መትቶ ኮቱን ሰቅሎበት አገኘዋለሁ።

ጋሽ ሙሄ የደሴ ልጅ ናቸው። አያታቸው ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ ይባላል፤ ቤተሰቡም እስከ ዛሬ ጨርቅ ይነግዳል። እሳቸው ብቻ ከሱቁ ሸሽተው ምህንድስና ተማሩ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅነታቸው ግን ከአለባበሳቸው አልጠፋም። ከቱታቸው ሥር ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ አለ፤ ጫማቸው ያበራል፤ ሽቷቸው ከሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። ራሳቸውን ይወዱ ነበር። ይሄን መደበቅ አያስፈልግም፤ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። «ሀዩ፣ ማሽን የተዝረከረከ ሰው አትወድም» ይሉኝ ነበር ኮሌታቸውን እያስተካከሉ። ስሜ ሀያት ነው፤ ሀዩ የሚሉኝ እሳቸውና እናቴ ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን መጠራት ነበር። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ፣ እሳቸው ደሴ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ይጮኻል። «ጋሽ ሙሄ፣ ማቅለጫው ቆመ።» መቼ፣ እንዴት፣ ለምን ብለው አይጠይቁም። «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ብቻ ነው የሚሉት። የፋብሪካው መኪና ያንን ጥምዝምዝ መንገድ ወጥታ ይዛቸው እስክትወርድ ድረስ ማሽኑ እንደቆመ ነው፤ እኛ ግን መተንፈስ እንጀምራለን። አብሽሩ ተብሏላ!

ሲደርሱ አይቸኩሉም። ደሴ የለበሱትን ወፍራም ጃኬት አውልቀው ለሾፌሩ ያስይዛሉ፤ እኛ ዘንድ ይሞቃል። መዳፋቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው «ቢስሚላህ» ይላሉ። ከዚያ በዙሪያቸው የተሰበሰበውን ቴክኒሻን ሁሉ ትተው ማሽኑ ላይ የምትሠራዋን ልጅ ይጠራሉ። «ምን አለችሽ?» ይሏታል። ማሽን ለሳቸው ሴት ናት። «ከመቆሟ በፊት ምን አለችሽ?» ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ትናገራለች። ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ሽታ ነበራት፣ ጠዋት ስትነሣ ታቃስት ነበር። ጋሽ ሙሄ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፣ ቱታቸውን ያጠልቃሉ፣ ይገባሉ።

ማሽኑ ሲነሣ ምርቃት አለ። ይሄ የኛ ፋብሪካ ወግ ነው፤ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። ወሎ ላይ ሆኖ ያለ ምርቃት የሚያልፍ ነገር ስለሌለ ማንም ትእዛዝ አላወጣበትም፤ እንዲያው ተለመደ። ከማሸጊያ ክፍል እማማ ፋጡማ ይጠራሉ። እማማ ፋጡማ ከሐርቡ እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ ይቆማል።

«እጅህን አይንካው!»

«አሚን!»

«ዓይንህን አይጋርደው!»

«አሚን!»

«ገብተህ አትፈር! የጠራህ አይጣህ!»

«አሚን!»

ጋሽ ሙሄ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እኔም ጥግ ላይ ቆሜ አሚን እላለሁ። የዚያ ማሽን መሽከርከሪያ ኩሽኔታ እንዲቀየር ቀደም ብዬ ዕቅድ ውስጥ አስገብቼው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ግን በምርቃት መሐል እንዲህ ያለ ነገር ይወራል እንዴ?

አንድ ጊዜ በሰዓዳ ኒካህ ቀን ጠራናቸው። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ፈርቶ ነበር፤ በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳኜ ናቸው ደፍረው የደወሉት። አባት ልጁን በሚድርበት ቀን ማን ይጠራል? ነገር ግን ማቅለጫው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ከረጋ ለብዙ ቀን ሥራ እንደምንፈታ እናውቃለን። ጋሽ ሙሄ «አብሽሩ» አሉ። በሰርግ ልብሳቸው መጡ፣ ቱታቸውን ከላይ ደረቡ፣ ገቡ። ደሴ ላይ የሙሽራው ወገን ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለች፣ ሸሁም ሌላ ቤት ይጠብቁኛል ሲሉ፣ ጋሽ ሙሄ ከማሽኑ ሥር ሆነው በስልክ ወንድማቸውን ወከሉ። ኒካሁ በወኪል ታሰረ። ሲመለሱ እንግዳው ተበትኖ፣ ሰዓዳም ሄዳ ነበር።

ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰማሁት! አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ይተርኩለታል። «ልጄን በወኪል ድሬ ነው ይቺን ያስነሣኋት» ይላሉ፣ ማቅለጫዋን መታ መታ እያደረጉ። ሰሚው አፉን ይዞ ይቀራል። እኔም እደነቅ ነበር።

ከዚያ ግምገማው መጣ። የፋብሪካው ባለቤቶች ሌላ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ፋብሪካ አላቸው። አዳዲስ የሽመና ማሽኖች ሊገዙ ስለነበር፣ ከሁለቱ በጥገና ደረጃው የተሻለው ይወስዳል አሉ። ማሽን መያዝ ለሚችል ይሰጥ ማለታቸው ነው። አዲስ ማሽን ለኛ አዲስ ቅጥር፣ እድገት፣ ምናልባትም የደመወዝ ጭማሪ ነበር። እኔ እንኳ ወንድሜን አስቀጥራለሁ ብዬ ለእናቴ ነግሬያት ነበር።

ከአዲስ አበባ የተላከችው ገምጋሚ ወይዘሮ ትርሲት የምትባል ዝምተኛ ሴት ናት። ደረጃዎቹን በመጀመሪያው ቀን በቀላል አማርኛ አስረዳችን። አንደኛ ደረጃ ማሽን ሲሰበር ብቻ የሚጠገንበት ቤት ነው። ሁለተኛው ቀን ቆጥሮ ሰርቪስ የሚያደርግ ነው። ሦስተኛው የማሽኑን ሁኔታ እየተከታተለ ሳይሰበር የሚደርስለት፣ አራተኛው ደግሞ የብልሽቱን ሥር ፈልጎ ዳግመኛ እንዳይመጣ የሚያደርግ። አምስተኛው ይሄ ሁሉ የጥገና ክፍሉ ብቻ ሳይሆን የመላው ሠራተኛ ልማድ የሆነበት ነው። «መጀመሪያ ራሳችሁን ገምግሙ፤ ከዚያ እኔ የታየኝን እላለሁ» አለችን።

አቶ ዳኜ ሳይገመግሙ «አራት» ብለው ወሰኑ። አምስት ቢባል እንዳይጋነን፣ ሦስት ቢባል እንዳንበለጥ። ኮት ተሰቅሎበት የኖረው ዕቅዴም ያን ሳምንት ኮቱ ተነሣለትና መስታወት ተገጠመለት።

ገምጋሚዋ እያለች አንድ የሽመና ማሽን ቆመ። ሌላ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር ይሸፋፈን ነበር። አቶ ዳኜ ግን ደስ አላቸው። «ይምጡ፣ የኛን ባህል ይዩልን!» ብለው እጇን ይዘው ሊወስዷት ምንም አልቀራቸው። ጋሽ ሙሄ ተጠሩ፣ ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ልጅቷን ጠየቁ፣ ማሽኗን አስነሡ። እማማ ፋጡማም መጡ። ምርቃቱ እንደዚያን ቀን ሞቆ አያውቅም፤ እንግዳ ስላለ ሠራተኛው አሚኑን በሁለት እጥፍ ነው ያለው። ወይዘሮ ትርሲትም እጇን ዘርግታ አሚን ስትል ነበር።

«አዩልኝ? ለጥገና ያለንን ክብር!» አሏት አቶ ዳኜ።

«በጣም ደስ ይላል» አለች። ቆየት ብላ ግን ወደ እማማ ፋጡማ ዞረችና «እናቴ፣ ሳይቆም ለሚውለው ማሽንስ ምን ብለው ይመርቃሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

እማማ ፋጡማ ሳቁ። «ውይ ልጄ! ላልታመመ ሰው አላህ ያሽርህ ይባላል እንዴ?»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ሙሄ ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ፤ እጃቸው ከጸዳ በኋላም ይጠርጉ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የክፍል ኃላፊዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ አራት አሉ። ምርት ክፍል አራት አለ፣ ግዢም አራት አለ። የጋሽ ሙሄ ተራ ደረሰ። ተነሡ፣ ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

«አንድ» አሉ።

አቶ ዳኜ ጋሽ ሙሄን አፍ ያዳለጣቸው መሰላቸው። «አራት ለማለት ነው፣ ኢንጂነር።»

«አንድ ነው ያልኩት። ወላሂ ከአንድ በታች ቢኖር እሱን እል ነበር።» ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ጋሽ ሙሄ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ። ማሽን ስትቆም መጥቼ ልጅቷን ምን አለችሽ እላታለሁ። ሁሉንም ትነግረኛለች። ስትንቀጠቀጥ፣ ስትሸት፣ ስታቃስት ነው የከረመችው። ታዲያ ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ? ለምን ሳትቆም አልጠየቅኋትም? ሀያት ኩሽኔታው ይቀየር ብላ ስትለጥፍ አያለሁ፤ አይቼ አልፋለሁ። ለምን መሰላችሁ? ከተቀየረ አልጠራማ!»

ጋሽ ሙሄ ወደ አቶ ዳኜ ዞሩ።

«እኔ ልጄን በወኪል የዳርኩ ሰው ነኝ። ይሄን ስኩራራበት ሰምታችሁኛል። ሰዓዳ ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ትናንት እማማ ፋጡማ የጠራህ አይጣህ ሲሉኝ ከልቤ አሚን ብያለሁ። ነገ አላህ ቢወስደኝስ? የጠራኝ ሁሉ ያጣኛል። አንድ ሰው ሲሞት አብሮት የሚሞት ጥገና አራተኛ ደረጃ ነው ብዬ አልፈርምም።»

አቶ ዳኜ ፊታቸው ቀላ። «አዲሶቹ ማሽኖች እኮ ሊያመልጡን ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ ተቀመጡ።

ማሽኖቹ ወደ ሌላው ፋብሪካ ሄዱ። ወይዘሮ ትርሲት አንድ ተኩል ያህል ናችሁ ብላ ጽፋ ነበር፤ ግማሿ ለኔ ዕቅድ መሆኗ ነው መሰለኝ። ጋሽ ሙሄ ላይ የደረሰውን ግን ማየት ያሳዝን ነበር። ትናንት ጃኬታቸውን የሚይዝላቸው ሾፌር ሰላምታ ነሳቸው። በምሳ ሰዓት ሰው ይከባቸው የነበሩት ጋሽ ሙሄ ብቻቸውን ይበሉ ጀመር። «አርጅቷል» አሏቸው፤ «አዲሱን ማሽን መጠገን እንደማይችል ስላወቀ ነው» ያሏቸውም አሉ። እኔም ወንድሜን እያሰብኩ አኩርፌያቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ሀዩ፣ ዛሬ የት ልሂድ?»

«ምን አሉኝ ጋሽ ሙሄ?»

«ዕቅድሽ ምን ይላል? ዛሬ ማንን ላገልግል?»

ይቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ግን ጎበዝ የጥንቃቄ ጥገና ሠራተኛ ሆኑ ብዬ አልዋሽም፤ አስቸገሩኝ። ግራሶ መቀባት ይሰለቻቸዋል። ደህና ማሽን ከፍቶ ማየት ያስዛጋቸዋል። «ይሄ እኮ የጡረተኛ ሥራ ነው!» እያሉ ይነጫነጫሉ፤ ሲነጫነጩም ይሠራሉ። ቡሎን ሲያጠብቁ ብቻቸውን ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። የለመዱትን የመጠራት ጣዕም ትተው፣ ማንም የማያያቸውን ሥራ በየቀኑ ሊሠሩ ሲታገሉ ማየት፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ እንድወዳቸው ያደረገኝ እሱ ነው። ድሮ አደንቃቸው ነበር እንጂ አልወዳቸውም ነበር።

ጠዋት ጠዋት በየማሽኑ እየዞሩ «ዛሬስ ምን አለችሽ?» ማለት ጀመሩ። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሯቸው። ጥፋት የሚለቀምባቸው መስሏቸው «ምንም አላለችኝም» ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ ግን አንደበታቸው ተፈታ፤ በኋላማ እሳቸው ሳይመጡ እኔ ዘንድ ድረስ እየመጡ ይነግሩኝ ጀመር።

አንድ ሐሙስ እማማ ፋጡማን አስጠሩ። የትኛው ማሽን ተነሣ ብሎ ሁሉም ተሰበሰበ። ጋሽ ሙሄ ለረጅም ጊዜ አንዴም ሳትቆም የሠራች የሽመና ማሽን ፊት ቆመው ነበር። አጠገቧ ዘምዘም የምትባለው የማሽኗ ሠራተኛ ግራ ተጋብታ ቆማለች።

«እነዚህን ይመርቁልኝ» አሉ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆኑም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማማ፤ ምርቃቱ የርስዎ ነው።»

እማማ ፋጡማ ማሽኗን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ዘምዘም ዘረጉ።

«ዓይንሽ አይዘናጋ!»

«አሚን» ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ የቀረው ቀልድ መስሎት ይጠብቃል።

«ጆሮሽ አይደንቁር!»

«አሚን!» በርከት አለ።

«ሙሄን የምትጠሪበት ቀን አይምጣ!»

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ አዳራሹ ሙሉ «አሚን!» አለ። ዘምዘም በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እዚያ ቤት ስትሠራ ኖራ ስሟን ጠርቶ ያመሰገናት ሰው አልነበረም። ጋሽ ሙሄም እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ፊታቸውን አየሁት፤ ያ አሚን ከጉሮሯቸው የወጣው በግድ ነበር።

ምርቃቱ ያዘ። የስልካቸው ጥሪ እየቀነሰ ሄደ። አንዳንድ ቀን ቢሮዬ ገብተው «ሀዩ፣ እስቲ ደውይልኝ፤ ስልኬ የሚሠራ አይመስለኝም» ይሉኛል። እደውላለሁ፤ ይጮኻል። «ይሠራል ለካ» ይሉና ኪሳቸው ይከቱታል። በሚቀጥለው ግምገማ ሁለት አገኘን፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያም ሦስት ተባልን። በደስታ ደውዬ ስነግራቸው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አሉ፣ ስለ ጤናዬም ጠየቁኝ፣ ቶሎም ዘጉ።

አንድ ቀን ሳይጠሩ መጡ። «ዘመድ ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወርጄ ነው» አሉ። ኮምቦልቻ ዘመድ እንደሌላቸው አውቃለሁ። አዲሱ ጥበቃ መታወቂያ ጠይቆ በር ላይ አቁሟቸው ስለነበር ወርጄ አስገባኋቸው። ወደ ሽመናው አዳራሽ ይዣቸው ገባሁ። ማሽኖቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ በጫጫታው መሐል ጎን ለጎን እየሄድን፣ እሳቸው ግራ ቀኝ እያዩ፣ አንዷ ድንገት ጸጥ አለች።

ጋሽ ሙሄ በአንዴ ወጣት ሆኑ። ፊታቸው በራ። ሳልይዛቸው እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ገሰገሱ። እኔ ስደርስ፣ እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ የተቀጠረችው ቴክኒሻን ሰሚራ አዲስ ኩሽኔታ በእጇ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

«አባቴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ፤ ልብስዎን ዘይት እንዳይነካው» አለቻቸው በትሕትና።

«ምን ሆና ቆመች?»

«አልተበላሸችም። እኔ ነኝ ያቆምኳት፤ የታቀደ ነው።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት አባቴ።»

ማን እንደሆኑ ልነግራት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ። «ተያት፣ ትሥራ» አሉኝ። ቆመን አየናት። ኩሽኔታውን ቀየረች፣ ማሽኗን አስነሣች፣ እጇን ጠርጋ ወደሚቀጥለው ሄደች። ማንም አልተሰበሰበም።

ውጪ ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ሀዩ፣ ልንገርሽ? ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ አንዷ ትቁምላቸውና ይጥሩኝ ብዬ ዱዓ አድርጌያለሁ። አላህ አውፍ ይበለኝ።»

እንባዬ መጣ። «ይናፍቁናል እኮ፣ ጋሽ ሙሄ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

«አውቃለሁ። እኔም ትናፍቁኛላችሁ።» የጠቀለሉትን እጅጌ አወረዱ። «ያቺ ልጅ አታውቀኝም፤ አይደል?»

«አታውቅዎትም።»

«ስሜንም አልሰማችም?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። «አይመስለኝም» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያው አራት ደርሳችኋል።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፋብሪካው ግድግዳ አዙረው አለቀሱ።